ቀላል ገጀራ ስንመርጥ፦ ለምንጣሮ፣ ለእንጨት ወይስ ለሁለቱም?

ቁጥቋጦም ይመንጥርልኝ፣ ማገዶም ይቁረጥልኝ ብሎ አንድ ገጀራ ገዝቶ መገላገል የብዙ ሰው ፍላጎት ነው። ችግሩ ሁለቱ ሥራዎች ከገጀራው የሚጠይቁት ነገር ተቃራኒ መሆኑ ነው። ሳርና ለጋ ቁጥቋጦ ሲመቱት ይጎነበሳል፤ ከኋላው የሚደግፈው የለም። ስለዚህ የሚቆርጠው ሳይጎነበስ የሚደርስበት ፈጣንና ቀጭን ስለት ነው። እንጨት ግን አይሸሽም። ባለበት ሆኖ ምቱን ይቀበላል፤ ጠልቆ የሚገባበትም ከስለቱ ጀርባ በቂ ክብደት ሲኖር ነው። ስለዚህ "የትኛው ገጀራ ይሻላል?" ከማለት በፊት "ከምቆርጠው ውስጥ ስንቱ ሳርና ቁጥቋጦ፣ ስንቱስ እንጨት ነው?" ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

እኔ የደረስኩበትን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ረጅም ሰዓት ለሚመነጥር ሰው ከ40 እስከ 45 ሳ.ሜ. የሚረዝም፣ ቀጭንና ቀጥ ያለ ገጀራ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ወፍራሙን እንጨት ለመጋዝ መተው ነው። ሥራው በአብዛኛው እንጨት ለሆነ፣ ቦታው ጠባብ ለሆነ ወይም ጓዙን በጀርባው ለሚሸከም ሰው ግን መልሱ ይለያል። ከዚህ በታች የማነጻጽረውም ለዚህ ነው።

## "ቀላል" ስንል ምን ያህል ነው?

አንድ ቀላል ስሌት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የአንድ ሳንቲሜትር ኩብ ብረት ክብደት ወደ 7.85 ግራም ይጠጋል። 45 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ በአማካይ 6 ሳ.ሜ. ወርድና 2 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ብረት ብቻውን 420 ግራም ያህል ይመዝናል፤ እጀታው ሲጨመር ወደ 500 ግራም ይደርሳል። ያው ገጀራ ውፍረቱ በ1 ሚ.ሜ. ብቻ ቢጨምር ከ200 ግራም በላይ ይከብዳል። በዓይን የማይለይ የምትመስል ውፍረት ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ትከሻ ላይ የምትታወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ለ45 ሳ.ሜ. ገጀራ ከ400 እስከ 550 ግራም ቀላል፣ እስከ 700 ግራም መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ብለን እንያዝ።

ቀላል መሆን የሚጠቅመው እጅ ቀላል ነገርን በቶሎ ስለሚያፈጥን ነው። የገጀራው ክብደት እጥፍ ሲሆን የምቱ ጉልበት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ያድጋል። ይህን ይዘው "እንግዲያው ቀላል ሁሉ ይሻላል" የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። የክንድ ፍጥነት ወሰን አለው። ገጀራው ከተወሰነ ክብደት በታች ሲወርድ እጁ ከዚያ በላይ አይፈጥንም፤ የሚቀረው ክብደት የሌለው ምት ብቻ ነው። አውራ ጣት የሚያህል ቁጥቋጦ በአንድ ምት መጣል ለሚፈልግ አዋቂ ሰው ከ350 ግራም በታች የሆነ ገጀራ አልመክርም።

ደግሞም በሚዛን እኩል የሆኑ ሁለት ገጀራዎች በእጅ ላይ እኩል አይሆኑም። ክብደቱ ወደ እጀታው የተጠጋው ቀልሎ ይሰማል፣ በቶሎም አቅጣጫ ይቀይራል። ክብደቱ ወደ ጫፉ የሄደው ደግሞ ይከብዳል፣ ሲያርፍ ግን ይገባል። ይህን ለማወቅ ብረቱን አግድም በአንድ ጣት ላይ ያስቀምጡና የት ጋ ሚዛኑን እንደሚጠብቅ ይመልከቱ። ከእጀታው ፊት ለፊት ጥቂት ጣት ርቆ ከቆመ የምንጣሮ ነው፤ ወደ ብረቱ መሃል ከተጠጋ የእንጨት ነው። መደብር ውስጥ ቆመው ሊያደርጉት ከሚችሉት ፍተሻ ሁሉ ይህ ዋናው ነው።

## ምርጫውን የሚወስኑ ነገሮች

የሚቆረጠው ነገር ውፍረት። በሦስት እርከን መክፈል በቂ ነው። አንደኛው ሳር፣ ሐረግና ለጋ ቅጠል ነው። ሁለተኛው አውራ ጣት የሚያህል ቁጥቋጦና ቀጭን ቅርንጫፍ ነው። ሦስተኛው የእጅ አንጓ የሚያህል፣ ከ5 እስከ 7 ሳ.ሜ. የሚሆን እንጨት ነው። ከዚያ በላይ ያለውን በገጀራ መጨፍጨፍ ይቻላል፤ ግን አያዋጣም። የእንጨቱ ውፍረት እጥፍ ሲሆን የሚቆረጠው ስፋት አራት እጥፍ ይሆናልና። 3 ሳ.ሜ. የሆነውን በሁለት ምት የጣለ ሰው 6 ሳ.ሜ. የሆነውን በአራት ምት እጥላለሁ ብሎ ማሰብ የለበትም።

እርጥብና ደረቅ መሆኑም ሌላ ጉዳይ ነው። እርጥብ እንጨት ለስላሳ ስለሆነ ቀጭን ስለት በደንብ ይገባበታል። ደርቆ የጠነከረ እንጨት ግን በጣም የቀጠነ ስለትን ያጥፋል ወይም ይሸርፋል።

ርዝመት። ገጀራው በረዘመ ቁጥር ጫፉ ይፈጥናል፣ ጎንበስ ማለትም ይቀንሳል። ነገር ግን በአንጓ ላይ የሚያርፈው ጫና ያድጋል፤ ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ መሃል ደግሞ ማወናጨፊያ ቦታ ይጠፋል። 30 እና 35 ሳ.ሜ. ለጠባብ ቦታ፣ ለጉዞና ለጭራሮ ይሆናሉ። 40 እና 45 ሳ.ሜ. ሁለገብ ናቸው። 50 ሳ.ሜ. እና ከዚያ በላይ ለተንጣለለ የሳር ቦታ ነው። ገጀራውን ይዘው ክንድዎን ወደ ታች ሲዘረጉ ጫፉ መሬት የሚነካ ከሆነ ረዝሞብዎታል፤ ስለት ሁልጊዜ ድንጋይ የሚያገኘው እንዲህ ነው።

ውፍረት። ከ1.5 እስከ 2 ሚ.ሜ. ያለው ሳርን ያጭዳል፣ ቁጥቋጦን ይቆርጣል። ከ2.5 እስከ 3 ሚ.ሜ. ያለው የሁለቱ መካከለኛ ነው። ከ4 ሚ.ሜ. በላይ ያለው እንደ ሽብልቅ እንጨቱን ከፍቶ ይገባል፤ ሳር ላይ ግን ድካም ነው። ቀጭኑ እንጨት ውስጥ ገብቶ ይያዛል የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ አመታት ነው። እንጨቱን ቀጥ ብሎ ከመምታት ይልቅ በ45 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ፣ አንዴ ከቀኝ አንዴ ከግራ በመምታት ስንጥር እያነሱ መሄድ ይሻላል። ቀጥ ያለ ምት የእንጨቱን ጭረቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲቆርጡ ያስገድዳል፤ አዘንብሎ የተመታው ግን በጭረቱ አቅጣጫ ይሰነጠቃል።

ብረቱ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ነውና። ጥሩ ገጀራ ከወጥ ቤት ቢላ ይለሰልሳል፤ ጉድለቱ አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። በሮክዌል መለኪያ የገጀራ ጥንካሬ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው ውስጥ ሲሆን፣ የወጥ ቤት ቢላ ከ55 በላይ ይሄዳል። ድንጋይ ሲያጋጥመው ጠንካራው ብረት ይሸረፋል፤ ለስላሳው ጎበጥ ይላል፣ ወዲያው በሞረድ ይስተካከላል። ሞረድ ራሱ ከ60 በላይ የሚጠነክር ስለሆነ ገጀራውን በቀላሉ ይበላዋል፤ ጫካ ውስጥ ሆነው መሳል የሚችሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ተራው የካርቦን ብረት ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። 1075 የሚል ቁጥር ካዩ በውስጡ ወደ 0.75 በመቶ የሚጠጋ ካርቦን አለ ማለት ነው፤ 1095 ደግሞ ወደ 0.95 በመቶ። የኋለኛው ስለቱን ትንሽ ይጠብቃል፣ የፊተኛው ድንጋጤን የበለጠ ይችላል። ለቀጭን ገጀራ የፊተኛውን እመርጣለሁ። የማይዝግ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ ጨዋማ አየር ባለበት ወይም መጥረግና ዘይት መቀባት በማይቻልበት ሥራ ላይ ይረዳል። ነገር ግን በረጅም ገጀራ ላይ ርካሹ የማይዝግ ብረት ብዙ ጊዜ በጣም ለስላሳ ሆኖ ቶሎ ይዶለዱማል። ዝገትን በጨርቅና በዘይት መከላከል ይቻላል፤ ስለት የማይዝን ብረትን ግን የሚያድን ነገር የለም።

ጥቁር ቀለም መቀባቱ ዝገት ይከላከላል እንጂ የመቁረጥ ችሎታ አይጨምርም። እንጨት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ላይ ይጎትታል፤ ከጊዜ በኋላ ራሱ ይለቃል።

እጀታው። መዳፍ ውኃ የሚቋጥረው በክብደት ብቻ አይደለም፤ ጠርዝ ባለው ወይም በወፈረ እጀታ ምክንያትም ነው። የእንጨት እጀታ የምቱን ንዝረት ያለሰልሳል፣ ሲቀረጽም ለእጅ ይስማማል፤ ሲደርቅ ግን ይኮማተርና ይላቀቃል። ፕላስቲክ ዝናብ ይችላል፤ በላብ ያሙለጨልጫል። ጎማ መሰሉ ይጨብጣል፤ ረጅም ሰዓት ግን መዳፍን ይልጣል። ከሦስቱም በላይ የሚያሳስበው ብረቱ በእጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው መሄዱና ቢያንስ በሦስት ችንካር መያዙ ነው። ብረቱ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ገጀራ አንድ ቀን በማወናጨፍ መሃል ይወጣል፤ ወጥቶ የት እንደሚያርፍ ደግሞ ማንም አያውቅም። የእጀታው መጨረሻ ወደ ታች ቆልመም ያለ ቢሆን ትንሿ ጣት ትይዘዋለች፤ ገጀራውም አጥብቀው ሳይጨብጡት እንኳ አያመልጥም።

ሰገባ ሳይኖረው የሚሸጥ ከሆነ የሰገባውን ወጪ ከዋጋው ጋር ደምረው ያስቡ።

## ምርጫዎቹ አንድ በአንድ

### ቀጥ ያለው ቀጭን ገጀራ

ከመካከለኛው አሜሪካ እስከ አማዞን ድረስ የገበሬው የዕለት መሣሪያ ይኸው ነው፤ የላቲን ቅርጽ ይሉታል። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ስለቱ ወደ ጫፉ ሲደርስ ብቻ ሾጠጥ ብሎ የሚዞር ነው። ውፍረቱ 2 ሚ.ሜ. አካባቢ፣ ክብደቱ በ45 ሳ.ሜ. ርዝመት ከ400 እስከ 550 ግራም ነው።

ጥንካሬው ሚዛኑ ወደ እጅ መጠጋቱ ነው። ወደ ቀኝ መትቶ ወዲያው ወደ ግራ መመለስ ይችላል፤ በሐረግ መሃል መንገድ ለሚከፍት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ መሳሉም ቀላል ነው። በቀጭንነቱ የተነሳ ጎን ለጎን ይለመጣል፤ ጥሩ ከሆነ ግን ተመልሶ ይቃናል።

ድክመቱ ደረቅ እንጨት ላይ ይታያል። የእጅ አንጓ የሚያህለውን ይቆርጣል፤ ግን ብዙ ምት ይፈልጋል፣ እጅንም ያንቀጠቅጣል። ማገዶ ለመፍለጥ ከተፈለገ ስለቱን በእንጨቱ አናት ላይ አስቀምጦ ጀርባውን በእንጨት ዱላ መምታት ይቻላል፤ በብረት መዶሻ ግን በፍጹም አይምቱ።

### ሆዱ ወደ ፊት የሰፋው፦ ቦሎና ፓንጋ

ቦሎ የፊሊፒንስ፣ ፓንጋ የምሥራቅ አፍሪካ ነው። ሁለቱም ወደ ጫፋቸው እየሰፉ ስለሚሄዱ ክብደታቸው ፊት ላይ ይሰበሰባል። ከቀጥታው ገጀራ ጋር አንድ ክብደት ቢኖራቸው እንኳ እንጨት ላይ የበለጠ ይገባሉ። ከ35 እስከ 40 ሳ.ሜ. የሆነው ቀጭን ቦሎ ከ450 እስከ 600 ግራም ይመዝናል።

ቁጥቋጦውና እንጨቱ ግማሽ በግማሽ የሆነበት ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ነው። የሚያስከፍለው ዋጋ በአንጓ ላይ ነው። ምቱን ከሳተ ፊቱ የከበደው ገጀራ እጅን ይዞ ይሄዳል፤ ለማቆም ጉልበት ይጠይቃል። ሳር ላይ ለረጅም ሰዓት ከሠሩበት ክርን ያማል።

### ፓራንግ

የማሌዢያና የኢንዶኔዥያ መሣሪያ ነው። ጠንካራ ግንድ ያላቸው ተክሎች በሚበዙበት ጫካ የተሠራ በመሆኑ ብረቱ ወፈር ይላል፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 ሚ.ሜ. በላይ ነው፣ ርዝመቱ ከ25 እስከ 35 ሳ.ሜ.። ስለቱ ከጎኑ ሲታይ ቀጥ ብሎ የተሞረደ ሳይሆን ሆድ ያለው ነው፤ ይህ ሆድ እንጨት ውስጥ ሳይያዝ ቶሎ እንዲለቅ ያደርገዋል።

ደረቅ እንጨት ላይ ከሁለቱ ቀዳሚዎች ይበልጣል። ክብደቱ ግን ብዙ ጊዜ ከ600 ግራም ያልፋል፤ ስለዚህ "ቀላል" ከሚለው ዝርዝራችን ዳር ላይ ነው። ሳርን በዚህ መምታት ጉልበት ማባከን ነው። ሆድ ያለውን ስለት መሳልም ልምምድ ይጠይቃል፤ እንደ ቀጥታው በሞረድ አንድ ሁለቴ አድርጎ የሚተው አይደለም።

### ኩክሪ

ወደ ፊት የተሰበረው የኔፓል ቅርጽ ነው። ባህላዊው በጀርባው እስከ 8 ሚ.ሜ. እና ከዚያም በላይ ይወፍራል፤ ለርዝመቱ ከባድ ነው። በ25 ወይም 30 ሳ.ሜ. ብረት ትንሽ መጥረቢያ የሚያክል ሥራ ይሠራል። በቅርጹ መጉበጥ የተነሳ ስለቱ እንጨቱን ሲያገኝ በመጠኑ እየተንሸራተተ ስለሚቆርጥ ጥልቅ ይገባል።

ለእኛ ጉዳይ የሚቀርበው ይህንኑ ቅርጽ ይዞ በ2.5 ወይም 3 ሚ.ሜ. ብረት የሚሠራው ነው። ከ400 እስከ 550 ግራም ይመዝናል፣ ጀርባ ላይ ለሚያዝ ቦርሳም ይመቻል። ሁለቱን ሳያምታቱ ይግዙ፤ በሥዕል ላይ አንድ ይመስላሉ፣ በእጅ ላይ ግን ሌላ ሌላ ናቸው። ውፍረቱን የማይገልጽ ሻጭ ካጋጠመዎት ይጠይቁት። የሁለቱም ችግር አንድ ነው፦ አጭርና የጎበጡ ስለሆኑ ሳር ላይ የሚደርሱበት ስፋት ትንሽ ነው።

### ጫፉ የቆለመመው አጭር ገጀራ

በአውሮፓ ለአጥርና ለወይን ማሳ የኖረ ነው። ብረቱ ከ20 እስከ 25 ሳ.ሜ. ብቻ ሆኖ ጫፉ ወደ ስለቱ በኩል ይቆለመማል። ለመምታትም፣ ስቦ ለመቁረጥም ያገለግላል። እሾሃማ ቅርንጫፍን እጅ ሳያስገቡ ጎትቶ ማውጣት፣ ከሥር የበቀለ ቡቃያን ስቦ መቁረጥ፣ ቅርንጫፍን ከግንዱ መግፈፍ ላይ የሚስተካከለው የለም። ለሰፊ ምንጣሮ ግን አይሆንም፤ ስለት ለመሳልም ጉብጡ ውስጥ የሚገባ ክብ ድንጋይ ያስፈልጋል።

### ጀርባው መጋዝ የሆነው

አይግዙት። ሁለት መሣሪያ በአንድ ዋጋ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥርሶቹ እንደ እውነተኛ መጋዝ ግራና ቀኝ የተከፈቱ ስላልሆኑ እንጨት ውስጥ ገብተው ይጨናነቃሉ። ጀርባው ላይ እጅ ማሳረፍም፣ በዱላ መምታትም አይቻልም። ሰገባን ይቀድዳል፣ ልብስን ይይዛል። በየጥርሱ ሥር ያለው ስለታም ማዕዘን ደግሞ ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

### ከገጀራ ውጭ፦ ትንሽ መጥረቢያና ታጣፊ መጋዝ

ከ5 ሳ.ሜ. በላይ ላለ እንጨት፣ 20 ሳ.ሜ. የሚያህል ታጣፊ መጋዝ ከማንኛውም ቀላል ገጀራ ይበልጣል። ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ300 ግራም አያልፍም፣ የሚያስወጣው ጉልበትም ትንሽ ነው። አጠቃቀሙ ደግሞ ከማወናጨፍ ይልቅ ለደከመ እጅ አደጋው ያነሰ ነው። መጥረቢያ ለመፍለጥ ይበልጣል፤ ቁጥቋጦ ላይ ግን ምንም አይሠራም። ስለዚህ ቀጭን ገጀራና ታጣፊ መጋዝ ተደምረው ከአንድ ከባድ ገጀራ ብዙም ሳይከብዱ ሁለቱንም ሥራ በተሻለ ይሠራሉ። "አንድ ብቻ ይበቃኛል" የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ከባዱን እንዲገዛና ለሁለቱም ሥራ የማይመች መሣሪያ ይዞ እንዲቀር የሚያደርገው ነው።

## በአንድ እይታ

| ዓይነት | የብረቱ ርዝመት | ውፍረት | ሳርና ሐረግ | አውራ ጣት የሚያህል | የእጅ አንጓ የሚያህል | ዋና ጉድለት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ቀጥ ያለ ቀጭን | 40–45 ሳ.ሜ. | 2 ሚ.ሜ. አካባቢ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ይቻላል፣ ያደክማል | ደረቅ እንጨት |
| ቦሎና ፓንጋ | 35–45 ሳ.ሜ. | 2–3 ሚ.ሜ. | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | አንጓን ያደክማል |
| ፓራንግ | 25–35 ሳ.ሜ. | ከ4 ሚ.ሜ. በላይ | ደካማ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ክብደትና መሳሉ |
| ቀጭን ኩክሪ | 30 ሳ.ሜ. አካባቢ | 2.5–3 ሚ.ሜ. | ደካማ | ጥሩ | ጥሩ | አጭር መሆኑ |
| ጫፉ የቆለመመ | 20–25 ሳ.ሜ. | 3 ሚ.ሜ. እና በላይ | ደካማ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ሰፊ ቦታ |
| ታጣፊ መጋዝ | 20 ሳ.ሜ. አካባቢ | ቀጭን | አይሆንም | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ለምንጣሮ አይውልም |

## ለማን የትኛው?

ሥራዎ ሦስት እጅ ሳርና ቁጥቋጦ፣ አንድ እጅ እንጨት ከሆነ 45 ሳ.ሜ. ቀጥ ያለውን ይያዙ። ቁመትዎ አጠር ያለ ወይም አንጓዎ የሚያስቸግርዎ ከሆነ 40 ሳ.ሜ. ያድርጉት፤ የሚያጡት ነገር ከሚያተርፉት ያነሰ ነው።

ግማሽ በግማሽ ከሆነና ሁለት መሣሪያ መያዝ ካልፈለጉ 35 ወይም 40 ሳ.ሜ. ቦሎ ይሁን። በጀርባ ተሸክመው ረጅም መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ቀጭን ኩክሪ ይመቻል፤ ጉዞው ሐረግ የበዛበት ከሆነ ግን ወደ ቀጥታው ይመለሱ። እሾሃማ አጥር የሚከረክሙ ሰዎች ከቆልማማው ሌላ ባያስቡ ጥሩ ነው። እንጨት ብቻ ለሚቆርጥ ሰው ደግሞ ገጀራ መፈለግ ራሱ ስህተት ነው፤ መጋዝና መጥረቢያ ይግዛ።

ገንዘብን በተመለከተ፣ በገጀራ ላይ ውድ መሆን ብዙ አይጠቅምም። የሚገዙት ቀጭን የካርቦን ብረት፣ ጥቂት ማሽን የነካው፣ ለዕለት ሥራ የሚሠራ ነገር ነው። በጀትዎ ጠባብ ከሆነ ርካሹን ቀጥ ያለ ገጀራ ይግዙና የተረፈውን በጥሩ ሞረድና በሰገባ ላይ ያውሉት። መካከለኛ ከሆነ ታጣፊ መጋዝ ይጨምሩ። ሰፋ ያለ በጀት ያለው ሰው ገንዘቡን የሚያውለው በጥሩ እጀታና በተመጣጠነ ሙቀት በጠነከረ ብረት ላይ ነው፤ በጌጥና በቀለም ላይ አይደለም። የሁለት ርካሽ ገጀራዎችን ዋጋ ለአንድ ያማረ ገጀራ ከመስጠት፣ አንዱን ለሳር፣ አንዱን ለእንጨት ብሎ የተለያየ ማዕዘን መሳል ይሻላል የሚል እምነት አለኝ።

## ከመክፈልዎ በፊት

ስለቱን ወደ ዓይንዎ አቅርበው ከእጀታው ወደ ጫፉ ይመልከቱት፤ የተጣመመ ከሆነ ይተዉት። ብረቱን በሁለት እጅ ይዘው በቀስታ ወደ ጎን ለመጥ ያድርጉት፤ ተመልሶ ቀጥ ማለት አለበት። ለምጦ ከቀረ ለስላሳ ነው። እጀታውን ጨብጠው ብረቱን በጣትዎ ጀርባ ኳ ኳ ያድርጉት፤ እጀታው ውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ ካለ ችንካሮቹ ላልተዋል። በእጀታውና በብረቱ መካከል ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለም እንዲሁ። ችንካሩ ከእንጨቱ በላይ ጎልቶ መዳፍ የሚቆረቁር ከሆነ በሞረድ ሊስተካከል ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ጥሩ ገጀራ አይተዉ።

## ሲሠሩበት

ገጀራን ከጭን ጋር ትይዩ አድርጎ ማወናጨፍ ለጉልበት አደጋ ነው። ምቱ ሁልጊዜ ከሰውነት ወደ ውጭ ይሁን፤ የሚቆረጠው ነገር በቀኝዎ ካለ ግራ እግር ወደ ፊት ይውጣ። አብሮ የሚሠራ ሰው ካለ የሁለታችሁ ክንድና ገጀራ ተዘርግተው የማይገናኙበት ርቀት ይኑር። ሳርና ቁጥቋጦን በባዶ እጅ ይዞ መምታት ጣት ያስቆርጣል፤ በላቲን አሜሪካ ገበሬዎች በሌላ እጃቸው ቆልማማ በትር ይዘው ሳሩን ሰብስበው፣ ከበትሩ በታች ነው የሚመቱት። በጣም ብልህ ዘዴ ነው፤ እጅን ያርቃል፣ እባብም ከተደበቀ ቀድሞ ያሳያል። ሲቆረጡ ወተት መሳይ ፈሳሽ የሚያወጡ ተክሎች ካሉ ደግሞ ዓይንዎን ይሸፍኑ፤ ከእነዚህ ውስጥ ዓይንን ክፉኛ የሚያቃጥሉ አሉ።

የእጀታ ማሰሪያ ገመድ አንጓ ላይ አይታሰር። ገጀራው ከእጅ ካመለጠ ገመዱ ወደ ራስ መልሶ ያመጣዋል።

## የመጀመሪያው ስለት

አዲስ ገጀራ አብዛኛውን ጊዜ ደንዝዞ ወይም በሸካራው ተሞርዶ ነው የሚመጣው። ሰው ገዝቶ ወዲያው ሞክሮ "አይቆርጥም" ብሎ የሚጥለው ብዙ ጊዜ ያልተሳለ ገጀራ ነው።

ብረቱን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አጥብቀው ያስሩና ረጅም ጠፍጣፋ ሞረድ ይያዙ። ሞረድ የሚቆርጠው ሲገፉት ብቻ ስለሆነ ሲመልሱት ያንሱት፤ አለበለዚያ ጥርሱ ይበላል። ለሳርና ለለጋ ቁጥቋጦ በእያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ፣ ለእንጨት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማዕዘን ይያዙ። አንዱን ጎን ሲሞርዱ በሌላው ጎን ቀጭን የብረት ቅርፊት ሲወጣ በጣትዎ ይሰማዎታል፤ ያኔ ይገልብጡት። በመጨረሻ በመሳያ ድንጋይ ቅርፊቱን ያንሱት።

አንድ ገጀራ ለሁለቱም ሥራ የሚውል ከሆነ ሁለቱን ማዕዘን በአንድ ብረት ላይ ማድረግ ይቻላል። ጫፉ ያለበትን አንድ ሦስተኛ ቀጭን አድርገው ለሳር ይተዉት፤ መሃሉን ወፈር ባለ ማዕዘን ለእንጨት ይሳሉት፤ ወደ እጀታው የቀረበውን ጭራሮ ለመላግና ለመቅረጽ ያድርጉት።

በኤሌክትሪክ መፍጫ የሚስሉ ሰዎች ብረቱን እንዳያቃጥሉት ይጠንቀቁ። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል ማለት ነው፤ በፋብሪካ የተሰጠው ጥንካሬም በዚያ ቦታ ላልቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ቦታ ቶሎ ይዶለዱማል፤ ሰማያዊው እስኪጠፋ በእጅ ሞረድ መብላት ነው።

ከሥራ በኋላ የተክሉን ፈሳሽ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ያድርቁት፣ ቀጭን የማሽን ዘይት ይቀቡት። የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ ስለሚጣበቅ አይመረጥም። ለእንጨት እጀታ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው፤ የቀቡበትን ጨርቅ ግን ጨምድደው አያስቀምጡት፣ ሲደርቅ በራሱ እየሞቀ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ዘርግተው ውጭ ያድርቁት። ገጀራውን በቆዳ ሰገባ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይተዉት፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ብረቱን ያዝገዋል።